የላይኛው ትምህርት ቤት፣ የታችኛው ትምህርት ቤትና አንድ ጣሳ ውሃ

1987 ዓ.ም. ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። መቱ ላይ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ አናጺ ይቀጥራል ሲባል ሰማሁና መጋዜን በጆንያ ጠቅልዬ ሄድኩ። ኃላፊው ከጠረጴዛው ማዶ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«መጻፍ ትችላለህ?»

«ስሜን።»

«ሌላስ?»

«የአባቴን ስም። ካላስቸኮሉኝ።»

ሰውየው ሳቀ። ሲስቅ የተቀመጠበት ወንበር አብሮት ሲንቋቋ ሰማሁት። «ወንበሩን ልየው?» አልኩ። ተነሣልኝ። ገለበጥኩት፣ እግሩን በሽብልቅ አጠበቅሁት፣ መለስኩለት። ተቀመጠና ወደ ግራ ወደ ቀኝ ተወዛወዘ፤ ዝም አለ ወንበሩ። በዚያው ተቀጠርኩ።

ስለ ደመወዙ ብዙ አላወራም። ለጨውና ለሳሙና ይበቃ ነበር። ስለ ወረቀትም አላወራም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ማንበቡ እጄ ሊገባ ሲል የመሥሪያ ቤቱ ጽሑፍ ሁሉ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ ሆነ። እኔና ወረቀት ድሮም አንተዋወቅም ብዬ ተውኩት። ይህንንም ስጽፍ ፊደሉን የምታቃናልኝ ልጄ ፀሐይ ናት። ፊደሉን አቅኚ፣ ነገሩን ግን እንዳትነኪው ብያታለሁ። እስከ አሁን አልነካችም።

የተመደብኩት ከኦቦ ተሬሳ ጋር ነው። ኦቦ ተሬሳ የጽሕፈት ቤቱ ነባር አናጺ ነበሩ፤ ረጅም፣ ከሲታ፣ ጆሮአቸው ላይ እርሳስ የማይጠፋ ሰው። አማርኛቸው አጭር ነው፤ የእኔ ኦሮምኛ ደግሞ ያን ጊዜ ከእሱም ያጥር ነበር። በእንጨት እንግባባ ነበር። ተቆጥተው አያውቁም። «ሱታ» ይላሉ፤ ቀስ በል ማለታቸው ነው። ምስማር ሲጎብጥብኝ «ሱታ»። መሮው ሲያመልጠኝ «ሱታ»። በሬ ልገዛ ነው ስላቸው እንኳ «ሱታ» ብለውኛል። አልሰማኋቸውም፤ በሬው አንካሳ ሆኖ ተገኘ።

እንጨት ሳያሸቱ አይቆርጡም። ዋንዛም ይሁን ቀረሮ ጣውላውን ወደ አፍንጫቸው ያስጠጉና ዓይናቸውን ጨፍነው ያሸቱታል። እርጥቡ ጫካ ጫካ ይላል፣ የደረቀው ጎተራ ጎተራ። ጫካ ከሸተታቸው ወደ ጥላው ይመልሱታል። ኃላፊ ቢቆጣ፣ ነገ ምረቃ ነው ቢባል፣ የሚሰማ ጆሮ የላቸውም። ምስማርም አይወዱም። «ምስማር እንግዳ ነው» ይላሉ፤ «ያድራል እንጂ አይኖርም»። የዴስኩን እግር ጫፉን ጠርበን፣ ከወራጁ ላይ በመሮ ቀዳዳ ከፍተን፣ አንዱን ባንዱ ውስጥ ሰክተን በእንጨት ችንካር እንቆልፈዋለን። እንዲህ የተሠራ ዴስክ ቢሰበር እንኳ በአንድ ቦታ ነው የሚሰበረው፤ አይበተንም።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ምሳቸው ነው። ኦቦ ተሬሳ ምሳ ያልበሉበትን ዴስክ አያስረክቡም። ዴስኩ ሲያልቅ የቆርቆሮ ጣሳቸውን ውሃ ጢም አድርገው ይሞሉና ከጥጉ ላይ ያስቀምጡታል። ከዚያ ተቀምጠን የተቀቀለ ጎደሬያችንን በዳጣ እንበላለን። ዝም ብሎ መብላት ደግሞ የለም።

«ተቁነጥነጥ» ይሉኛል።

«ለምን?»

«ልጅ ነህ። ልጅ ዝም ብሎ ይቀመጣል?»

እቁነጠነጣለሁ፣ አስላለሁ፣ እደገፋለሁ፣ በእግሬ ወለሉን እገፋለሁ። ከጣሳው ጠብታ ከፈሰሰ ዴስኩ ወደ ሥራ ይመለሳል። ካልፈሰሰ ኦቦ ተሬሳ ውሃውን ራሳቸው ይጠጡትና «ጋሪ» ይላሉ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። ዴስኩ ብዙ ሲሆን ጎደሬያችንን ይዘን ከዴስክ ወደ ዴስክ እየዞርን አንዳንድ ጉርሻ እንበላለን። አንድ ቀን የኢሉባቦሩ ቡሬ ላይ እንዲህ ስንዞር መምህራኑ በመስኮት እያዩን፣ «እነዚህ ሰዎች ምሳ እያሳደዱ ነው ወይስ ምሳ እያሳደዳቸው?» ሲባባሉ ሰማሁ። ኦቦ ተሬሳ ጉርሻቸውን አላመጡ፣ ዋጡና «ሁለቱም» አሏቸው።

እንዲህ እያልን የኢሉባቦርን ትምህርት ቤቶች ዞርናቸው። ሰው ትምህርት ቤት ከትምህርት ቤት ሲያወዳድር ቀለሙን ያያል፣ ስንት ልጅ አሳለፈ ይላል። እኔ ዴስክ እገለብጣለሁ። ቡሬ በኩል የእግር መርገጫው ጭቃ በልቶት ይመነምናል፤ ልጆቹ ከሩቅ ነዋ የሚመጡት። ሶር አካባቢ ደግሞ ዴስኩን ስትገለብጡት ሥሩ በሰም ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። ልጆቹ የማር እሸት እያኘኩ ይመጡና መምህሩ ሲገባ ሰሙን ከዴስኩ ሥር ይለጥፉታል። ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር። ኦቦ ተሬሳ ፍቀው ይሰበስቡትና መጋዛቸውን ይቀቡበታል። ሰም የተቀባ መጋዝ ቀረሮን እንደ ቅቤ ነው የሚቆርጠው። ሶር ለሥራ ስንሄድ በግ የተጣለልን ያህል ደስ ይለን ነበር።

እሳቸው ጡረታ ወጡና እኔ ብቻዬን ቀረሁ። የወደቅሁትም ያን ጊዜ ነው።

ሁሩሙ በኩል አንድ ትምህርት ቤት ዴስክ ስጠግን የመንደሩ ሰዎች መጡ። ከመንደራቸውና ከትምህርት ቤቱ መካከል ወንዝ አለ፣ ድልድይ ሥራልን አሉኝ። ጥር ነበር፤ ወንዙ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ትልቅ ቀረሮ ጥለን፣ ለሁለት ሰንጥቄ፣ ግራና ቀኝ በካብ ድንጋይ ላይ አጋደምኩት። መሐሉ ላይ ጣሳ ውሃ አስቀምጬ ምሳዬን በላሁ። ጠብታ አልፈሰሰም። ሴቶቹ እልል አሉ፣ እኔም ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብዬ ወደ መቱ ተመለስኩ።

ሰኔ ላይ፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተና በሚጀመርበት ዋዜማ፣ ዝናቡ ጣለ። ወንዙ ካቡን ከሥሩ ልጦ ድልድዬን እንደ ገለባ ይዞት ሄደ። በማግሥቱ ልጆቹ ንጹሕ ልብስ ለብሰው፣ እርሳሳቸውን ቀርጸው ማዶ ቆሙ። ውሃው የሚደፈር አልነበረም። ዓመቱን ደገሙ።

ስሰማ ሄድኩ። ኦቦ ተሬሳም ሰምተው ኖሮ በዚያ ዕድሜያቸው ጃንጥላ ይዘው መጡ። ከቀረው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ ከኪሳቸው ጎደሬ አውጥተው ገመሱና ግማሹን ሰጡኝ።

«ምሳ በልተህበታል?»

«በልቻለሁ። ጠብታ አልፈሰሰም።»

«መቼ?»

«ጥር ላይ።»

ወንዙን አዩት። «ጥር ላይ እኮ እሱ አልነበረም። ብቻህን ነው የበላኸው። ክረምት ላይ መጥተህ ከእሱ ጋር ብላ፤ እስከ የት እንደሚነሣ፣ በየት በኩል እንደሚቆጣ ራሱ ይነግርሃል። ከዚያ ትሠራለህ።»

«ሁለተኛ ድልድይ አልሠራም» አልኩ።

«ሱታ» አሉኝ። በዚያች ቃል የተናደድኩባቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ኦቦ ተሬሳ ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። ባለቤታቸው ያቺን የእሳቸውን ጣሳ ላኩልኝ። ምሳውን በየዴስኩ መብላቴን ቀጠልኩ፤ ድልድይ ግን እሺ አላልኩም። ስንት ቀበሌ ለመነኝ። «እኔ የዴስክ አናጺ ነኝ» እላለሁ፤ አበቃ። ዓመት ከደገሙት ልጆች አንዱ አድጎ የሁሩሙ ሚኒባስ ረዳት ሆነ፤ መናኸሪያ ባየኝ ቁጥር በሰው መሐል ይጮኻል። «ጋሽ ድልድይ! ይግቡ፣ እኛ እናሻግርዎታለን!» ሰው ይስቃል። እኔም እገባለሁ፤ ምን አደርጋለሁ፣ መኪናው የሱ ነው። ሒሳብ ግን ተቀብሎኝ አያውቅም።

አሁን ወደ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ልምጣ።

መቱ ዳር፣ እኛ ሰፈር፣ ላይኛውና ታችኛው የምንላቸው አሉ። ላይኛው ከአስፋልቱ አፋፍ ነው። አጥሩ ቀለም የተቀባ፣ ኮምፒውተር ያለው፣ ባጃጅ በሩ ድረስ የሚያደርስ። ታችኛው ከወንዙ ማዶ ቡናው ውስጥ ገባ ብሎ ነው፤ መሻገሪያው አንድ የወደቀ ግንድ። ሰባትና ስምንት ለብቻው መካከለኛ ደረጃ የተባለ ጊዜ ወላጅ ሁሉ ልጁን እየጎተተ ወደ ላይኛው ወጣ። ታችኛው ባዶውን ቀረ። ጡረታ በምወጣበት ክረምት ከበላይ ተነገረ፤ ምዝገባው እስኪዘጋ አንድ ክፍል የሚሞላ የሰባተኛ ተማሪ ካልተገኘ የታችኛው ሰባትና ስምንት ታጥፎ ወደ ላይኛው ይጠቃለላል።

በዚያው ክረምት የፀሐይ ልጅ ኢፍቱ ስድስተኛን አለፈች። ቤታችን ውስጥ ምክር ቤት ተከፈተ።

«ታችኛው» አልኩ።

«ላይኛው» አለች ፀሐይ።

«የላይኛውን ዴስክ በየወሩ ነው የምጠግነው። የታችኛውን በዓመት አንዴ ብነካው ነው። ሥርዓት ያለበት ቤት በዕቃው ይታወቃል።»

«አባዬ፣ ታችኛውን ማን ተቀምጦበት ይሰበር? ሰው የለበትማ!»

ኢፍቱ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። ነገሩ እውነት ነው፤ ዕድሜ ልኬን ዴስክ ስገለብጥ ኖሬ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ግን እኔ በአንድ ቃል የምረታ ሰው አይደለሁም።

«እሺ፣ ይሁን። የዴስኮቹ ጫፍስ? በመተላለፊያው በኩል በትልቅ ሰው መቀመጫ ልክ ተፍቀዋል። መምህራኑ ሄደው ከልጆቹ ጎን ይቀመጣሉ። ላይኛው መምህሩ ቢፈልግስ በየት በኩል ይቀመጣል? ባንድ ዴስክ አራት አራት ናቸው!»

«እሱስ እውነት ነው። የታችኛው ወይዘሮ ሂሩትም ጥሩ ዳይሬክተር ናት፤ የሁሉንም ልጅ ስም ከነእናቱ ታውቃለች። ግን አባዬ፣ ልጄ በዴስክ ተንሳፋ ወንዝ አትሻገርም። መሻገሪያውን ይንገሩኝ። ድልድይ ካለ ነገውኑ ታችኛው አስመዘግባታለሁ።»

«ድልድይ የእኔ ሥራ አይደለም» አልኩና ተነሥቼ ወጣሁ። ዝናብ ነበር። ወጥቼም የምሄድበት ስላልነበረኝ ጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆሜ ቆየሁ። ኢፍቱ በመስኮት ጃንጥላ አቀበለችኝ።

የመጨረሻ ሥራዬ የላይኛውን ዴስኮች ጠግኖ ማስረከብ ነበር። ነሐሴ ነው። ወላጆች ለአጥር ሥራ በደቦ ተጠርተዋል። የላይኛው ዳይሬክተር ኦቦ ገመቹ፣ «ጋሽ ይመር የመጨረሻዎ ነው፣ የዛሬውን ምሳ ብቻዎን አይበሉትም» አለኝና ለሁሉም ነገረ። ባለቤቴ ዘነበች በሰፌድ፣ ጎረቤቶች በድስት አመጡ። ወይዘሮ ሂሩትም ከታችኛው ግንዱን ተሻግራ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ መጣች።

ምግቡ ሲቀርብ ዝናቡ ወረደ። ሁሉም ሮጦ ክፍል ገባ። ቦታ ስላልነበረ በየዴስኩ አራት አራት ሆነው ተቀመጡ፤ ልክ እንደ ልጆቻቸው። ሥጋ ሻጩ ከድር፣ ያ ግንድ የሚያክል ሰው፣ ከሦስት ሰዎች ጋር አንዱ ውስጥ ገባ። እኔ እንደ ደንቤ ጣሳዬን ሞልቼ ከነከድር ዴስክ ጥግ ላይ አስቀመጥኩ።

«በሉ እንግዲህ፣ ብሉ» አልኩ።

የሚበላ ጠፋ። ክንዱን ማንሣት የቻለ የለም።

«እትዬ፣ ክርንዎ የጎድን አጥንቴ ውስጥ ነው።»

«የኔ አይደለም ልጄ። የኔን እኔም እየፈለግኩት ነው።»

«ያ ከድር! የጎረስከው የኔን እጅ ነው፣ ልቀቀው!»

ከድር ሊነሣ ሲሞክር ዴስኩ አብሮት ተነሣ፤ ሦስቱም ሰዎች አብረው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሲመለስ ዷ ብሎ ተቀመጠ። ጣሳውን አየሁት። ጠብታ አልፈሰሰም። የኦቦ ተሬሳ መሮ ዕድሜ ይስጠው።

«ዴስኩ አልፏል» አልኩ። «የወደቃችሁ እናንተ ናችሁ።»

ሳቁ ቀስ በቀስ በረደ። አንዲት እናት ከኋላ፣ «እኔ ጉርሻ ወደ አፌ ማድረስ ካቃተኝ፣ ልጄ እዚህ ላይ እንዴት ስትጽፍ ኖረች?» አለች። ኦቦ ገመቹ ከሰሌዳው ሥር ቆሞ፣ «እኔም በየቀኑ የማየው ይህንኑ ነው» አለ። «ልጆቻችሁን ጠልቼ አይደለም፤ ቦታ ነው ያጣሁት። ታችኛው ቢታጠፍ ደግሞ አምስት አምስት ልናደርጋቸው ነው።»

ከድር ወደ ወይዘሮ ሂሩት ዞረ፤ ማለት አንገቱ ዞረ፣ ሌላው አልዞረለትም። «እናንተ ጋ ስንት ስንት ናቸው?»

«ሁለት። እርስዎ ከመጡ ለብቻዎ።»

ደግሞ ተሳቀ።

«ወንዙስ?» አለች ያቺው እናት። «ታችኛው ስትማር ሳለች ግንዱ ላይ የልጄን ጫማ ወሰደባት። ዘንድሮ እሷን ቢወስዳትስ?»

«ድልድይ ካለ የእኔ ሁለቱ ታችኛው ይገባሉ» አለ ከድር።

«የእኔም።»

«የኛም። ምዝገባው እስከ ዓርብ ነው፣ ይደርሳል።»

ከዚያ ሁሉም እኔን ያዩ ጀመር። እኔ ጣሳውን ነበር የማየው።

«ጋሽ ይመር፣ መጋዝዎ ገና አልዛገም» አለ ከድር።

«ጡረታ ነኝ። ከነገ ጀምሮ።»

«ጣውላውን እኔ አስመጣለሁ።»

«ድንጋዩን እኛ እንጭናለን።»

«ሰው ፈልጉ» አልኩ። «እኔ የዴስክ አናጺ ነኝ። አንድ ድልድይ ሠርቻለሁ፤ የት እንደደረሰ ሁሩሙ ሄዳችሁ ጠይቁ።»

ፀሐይ ውሃ እያዞረች ነበር። አጠገቤ መጥታ ቆመች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባዬ» አለች፣ «አሁን እኮ ጥር አይደለም። ነሐሴ ነው። ወንዙ ቤቱ ነው ያለው።»

ሌላው ሰው ምን እንዳለች አልገባውም። እኔ ገባኝ። የኦቦ ተሬሳን ነገር የነገርኳት ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ነው፤ የረሳችው ይመስለኝ ነበር።

ጣሳውን አነሣሁ። ውሃውን ጠጣሁት።

«ሱታ» አልኳት።

በማግሥቱ ጠዋት ዘነበች፣ «ዛሬ እንኳ ተኛ፣ የጡረታህ የመጀመሪያ ቀን ነው» እያለችኝ ጎደሬ በፌስታል ቋጥሬ ወጣሁ። ካፊያ ነበር። ወንዙ ሞልቷል፤ ቀይ ሆኖ፣ ቅርንጫፍ እያላጋ ይወርዳል። ዳር ተቀምጬ እያየሁት ቆየሁ። ወደ ታች ወረድ ብሎ ያለው ቋጥኝ ላይ ሲደርስ ይቆጣል። ከግንዱ ወደ ላይ፣ ሾላው ሥር፣ ሰፋ ብሎ ይተኛል። ጎርፉ ሣሩን እስከ የት እንዳጋደመው አየሁና ከዚያ በላይ እንጨት ተከልኩ፤ ካቡ ከዚያ ወዲያ ነው የሚሆን።

ከዚያ በግንዱ ላይ በቂጤ እየተንፏቀቅኩ ትንሽ ገባሁ። ጣሳውን ከወንዙ ሞላሁና አጠገቤ አስቀመጥኩት። ተቁነጠነጥኩ።

ፈሰሰ።

«አየሁህ» አልኩት ወንዙን። ጎደሬዬን አውጥቼ ገመስኩ፤ ግማሹን ለእሱ ጣልኩለት፣ ግማሹን በላሁ። አፌን ጠረግሁና ሜትሬን ከኪሴ አወጣሁ።